አሮጌው አክስልና አዲሱ ኀላፊነት

መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎም ወንበሩን ይዳስሳል፤ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል። ጐንበስ ብሎ ከሥር ያለውን ብረት የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ሞተሩ ያመነጨው ኀይል ወደ መሬት የሚደርሰው፥ የመኪናውም ክብደት ከነጭነቱ የሚያርፈው በዚሁ በማይታየው ብረት ላይ ነው፤ እርሱም አክስል ነው። በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው አክስሉ ስሙ እንኳ ሳይነሣ ዘመኑን ይፈጽማል፤ ድንጋይና ገደል፥ አሸዋና ማጥ ለሚያቋርጥ ሰው ግን ወደ ቤቱ መመለሱና አለመመለሱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእርሱ ነው።

በዛሬው እሑድ ልንነጋገርበት የወደድነው፥ ከከባድ መኪና የወለቀ አሮጌ ግን ጠንካራ አክስል ፈልጎ፥ ቆርጦና አስተካክሎ፥ አገር አቋራጭ በሆነች አነስተኛ መኪና ሥር ስለ መግጠም ነው። ይህ ሥራ እጅግ የተስፋፋው በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌያችንን የምንወስደው ከዚያው ነው። ይሁን እንጂ አሮጌ መለዋወጫ መግዛትና ማስተካከል በእኛም አገር የየዕለት ሥራ ነውና፥ ነገሩን ወደ ቤታችን ሳንመልሰው አናልፍም።

አስቀድመን አክስል የሚሠራውን ሥራ እንግለጥ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ሲዞር ፒኞን የተባለውን ትንሹን ጥርስ ያዞራል፤ ፒኞኑም መካኒኮቻችን ኮሮና የሚሉትን ትልቁን ጥርስ ያዞራል፤ ከዚያም ኀይሉ በግራና በቀኝ ባሉት ዘንጎች አማካይነት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። እነዚህ የጎን ዘንጎች የተሠሩበት መንገድ ሁለት ነው። በአንደኛው ዐይነት ዘንጉ ጎማውን ያዞራል፥ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል፤ ስለዚህ ዘንጉ ሲሰበር ጎማው ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል። በሁለተኛው ዐይነት ግን ክብደቱን የሚሸከሙት በአክስሉ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ የዘንጉ ተግባር ማዞር ብቻ ነው። ዘንጉ ቢሰበር እንኳ ጎማው በቦታው ይቆማል፤ መኪናውንም በክሪክ ሳያነሡ የተሰበረውን ዘንግ መዝዞ ማውጣት ይቻላል። የከባድ መኪና አክስል የሚፈለግበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

አክስል ለምን ይሰበራል? ቢባል፥ መልሱን በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። ሞተሩ 300 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኀይል ያለው ነው እንበል። የመጀመሪያው ማርሽ ይህን በ4 ያበዛዋል፤ ለዳገትና ለድንጋይ የሚታከለው የኀይል ማርሽ ደግሞ በ2.7፤ የአክስሉ ጥርስም እንደ ገና በ4። ውጤቱ ከ12,900 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል። መኪናው በዝግታ ሲንፏቀቅ የሚያየው ሰው ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም ይላል፤ ዘንጎቹና ጥርሶቹ ግን የሚጨነቁት በዚያች ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ጎማው በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተሰነቀረና ዲፈረንሻሉ የተቆለፈ ከሆነ፥ አብዛኛው ኀይል በአንዱ ዘንግ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ጎማው በበለጠ መጠን ድካሙም ይበልጣል፤ ትልቅ ጎማ በአክስሉ ላይ እንደ ረዥም ማንሻ ይሠራልና።

አሁን ወደ አሜሪካው ምሳሌ እንምጣ። ጂፕ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጦር ሜዳ ብላ የተሠራች ቀላል መኪና እንደ ነበረች የታወቀ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ለሕዝብ የተሸጡት ልጆቿም ክብደታቸው አነስተኛ፥ አክስላቸውም ለዚያው የተመጠነ ነው። ለምሳሌ ከ1997 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ጂፕ ራንግለሮች በብዙዎቹ የፊት አክስል ውስጥ ያለው ኮሮና ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቱ በካሊፎርኒያ ተራሮች የሚገኘውን የሩቢኮንን የድንጋይ መንገድ ወይም በዩታ የሚገኘውን የሞአብን አለት ለመውጣት አስቦ ትልልቅ ጎማ ሲያስገባ፥ ይህ አክስል ከዐቅሙ በላይ ይጠየቃል።

ስለዚህ ዐይኑን ወደ ዳና 60 ያነሣል። ዳና የተባለው ኩባንያ ሥሩ ክላረንስ ስፓይሰር በ1904 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የዘንግ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነው፤ ቻርልስ ዳና በ1914 ገባበት፤ በ1946ም ኩባንያው በእርሱ ስም ተጠራ። 60 የተባለው አክስል ባለ አንድ ቶን የጭነት መኪናዎች የሚሸከሙት ሲሆን፥ የኮሮናው ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይልቁንም ከ1978ና ከ1979 የፎርድ ኤፍ 350 መኪናዎች የሚወልቀው የፊት አክስል እጅግ ይፈለጋል። ምክንያቱም ዲፈረንሻሉ በግራ በኩል ስለ ሆነ ከራንግለሩ ማርሽ ጋር ይገጥማል፤ ፒኞኑም ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ዘንጉን ከድንጋይ ያርቀዋል። በዚያው ዘመን ከተሠራው ከባለ አንድ ቶኑ ሸቭሮሌት የሚወልቀው ግን ዲፈረንሻሉ በቀኝ ነው፤ ይህን ሳይመረምር የገዛ ሰው ዘንጉን የሚያገናኝበት አጥቶ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ? የፊቱ ዳና 60 ከነፍሬኑ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህም ክብደት በባሌስትራው ወይም በሞላው የሚረገብ አይደለም፤ ከጎማው ጋር አብሮ የሚነጥር ነው። ትልቅነቱም ራሱ ወደ መሬት ስለሚያስቀርበው፥ ትልቅ ጎማ ካልታከለበት ድንጋይ የሚመታው ቶሎ ነው። ሞተሩን ያደክማል፤ ነዳጅ ያስበላል። ስለዚህ በመጠነኛ ጎማ ወደ እርሻው ወይም ወደ አደን ሥፍራው ለሚሄድ ሰው የፋብሪካው አክስል በሚገባ ከተጠበቀ ይበቃዋል። ያለ ፍላጎት ትልቁን አክስል መሸከም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። መኪናን ለማስከበር ሳይሆን ለሥራ የሚያዘጋጅ ሰው፥ አስቀድሞ የሚሄድበትን መንገድና የሚጭነውን ጭነት ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ይፈልጋል።

አስፈላጊነቱ ከተረጋገጠ ዘንድ ፍለጋው የትዕግሥት ሥራ ነው። አሮጌ አክስል የሚገኘው ከተጋጩ ወይም ካረጁ መኪናዎች መፍቻ ሥፍራ ነው፤ ሻጩም ሁልጊዜ የሸጠውን ያውቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ ገዢው ራሱ ማንበብ ይኖርበታል። በዳና 60 አካል ላይ 60 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ በአክስሉ ቱቦ ላይም ለየትኛው መኪና እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ቁጥር ተመትቷል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ይህን ማንበብ ከሻጩ ቃል ይልቅ ይታመናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው። ክዳኑ ይከፈት፤ ዘይቱም ይታይ። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ያመለክታል፤ በዘይቱ ውስጥ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ደግሞ የውስጡ ሥራ ሁሉ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ኮሮናውን ጥርስ በጥርስ ማየት፥ ፒኞኑን በእጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ልልነቱን መገመት፥ ቱቦው መታጠፍ አለመታጠፉን በቀጥተኛ ብረት ወይም በገመድ መለካት ይገባል። የጥርሱን ምጣኔ ለማወቅም ቁጥሩን ማካፈል ነው፤ ኮሮናው 41 ጥርስ፥ ፒኞኑ 10 ጥርስ ቢኖረው ምጣኔው 4.10 ነው፤ ፒኞኑ 9 ቢሆን 4.56 ይሆናል። መክፈት ካልተቻለና ዲፈረንሻሉ ያልተቆለፈ ከሆነ፥ አንዱን ጎማ እንዳይዞር ይዞ ሌላውን 2 ጊዜ ሙሉ ማዞርና የፒኞኑን ዙር መቁጠር ይበቃል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ በዋጋው ርካሽነት ብቻ የገዛ ሰው፥ በኋላ ለኩሽኔታ፥ ለጥርስና ለዘይት መያዣ ጎማ የሚከፍለው ከአክስሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የተገዛው አክስል እንደ ተገኘ አይገጥምም። የፎርዱ አክስል ከጎማ መግጠሚያ እስከ ጎማ መግጠሚያ ወደ 175 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የራንግለሩ ግን ወደ 153 ሳንቲ ሜትር ነው። ቸርኬው የሚታሰርበት ቡሎንም በራንግለሩ 5 ሲሆን በዳና 60 ላይ 8 ነው። ባለቤቱ እንግዲህ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይም ስፋቱን እንዳለ ተቀብሎ መኪናውን ያሰፋዋል፥ ወይም ቱቦውን ቆርጦ ያሳጥረዋል። ሰፊው አክስል በገደል ዳር እንዳይገለበጥ ይረዳል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ግን ያስቸግራል፥ ጎማውም ከመኪናው አካል ውጭ ስለሚቀር ጭቃና ጠጠር ይወረውራል።

ማሳጠር የተመረጠ እንደ ሆነ ሥራው ወደ ብየዳ ይደርሳል፤ ጥንቃቄ እጅግ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የዳና 60 መካከለኛው አካል የተቀለጠና የፈሰሰ ብረት ነው፤ ቱቦው ደግሞ ስቲል ነው። ሁለቱ ለእሳት የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። ብረቱ አስቀድሞ ሳይሞቅ ቢበየድና በድንገት ቢቀዘቅዝ፥ ከላይ ያማረ የሚመስለው ብየዳ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ሙቀቱም ቱቦውን ስለሚያጣምመው፥ በኩሽኔታዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ በሚያልፍ ቀጥተኛ ብረት እየተለካ በየጥቂቱ እየተፈራረቀ መበየድ አለበት። የጎኑን ዘንግ ግን ቆርጦ መበየድ ፈጽሞ አይገባም። ጥንካሬው የመጣው በእሳትና በማቀዝቀዝ ከተሰጠው ሕክምና ነውና፥ የበየጁ እሳት ይህን ያጠፋበታል። ወይ በልኩ አዲስ ዘንግ መግዛት፥ ወይም ሥራውን በሚያውቅ ቶርኖ ቤት ጥርሱን እንደ ገና ማስወጣት ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የዘንበል ልክ ነው። የፊት አክስል በባሌስትራው ላይ ሲቀመጥ በትንሹ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት፤ መሪው ከዞረ በኋላ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አክስሉን ለመሪው ሲያዘነብሉት ፒኞኑም አብሮ ይዞራል፤ ፒኞኑን ለዘንጉ ሲያቃኑት የመሪው ልክ ይበላሻል። ሁለቱን ለማስማማት በቱቦው ጫፍ ያሉትን የመሪ ክንዶች ማያያዣዎች ቆርጦ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ያልለካ ሰው በከተማ ውስጥ ደኅና መስሎት በረዥም መንገድ ላይ መሪው እንደ ወባ ታማሚ ሲንቀጠቀጥበት ያገኘዋል።

ከዚህም በቀር አንድ ብረት ሲጠነክር ድካሙ አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል። አክስሉ አልሰበር ሲል ክሮቼራው ይሰበራል፤ ክሮቼራው ሲጠነክር ዘንጉ ይጠመዘዛል። የከባዱ መኪና ፍሬን ብዙ ዘይት ይጠይቃልና የትንሿ መኪና የፍሬን ማስተር ላይበቃው ይችላል፤ ያን ጊዜ የባለቤቱ እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናው ግን አይቆምም። የጥርሱም ምጣኔ ከፊትና ከኋላ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ በደረቅ መሬት ላይ አራቱም ጎማዎች ሲሠሩ አክስሎቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ። ጎማው ከ30 ኢንች ወደ 37 ኢንች ቢያድግ፥ በ3.73 ምጣኔ ትሠራ የነበረች መኪና የቀድሞ ጉልበቷን የምታገኘው በ4.60 ገደማ ነው፤ በገበያ ላይ የሚቀርበው 4.56 ነው። እነዚህ ነገሮች አስቀድመው በወረቀት ላይ ካልተሰሉ፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በብረት ላይ ይፈጸማል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው የአገራችን ባለ መኪናዎች ዳና 60 እንዲፈልጉ አይደለም። በእኛ የገጠር መንገዶች እጅግ የሚታዩት የቶዮታ ላንድክሩዘር የሥራ መኪናዎች ናቸው፤ የእነዚህም የኋላ አክስል ብዙ ጊዜ ዘንጉ ክብደት የማይሸከምበት ጠንካራው ዐይነት ነው። በአፋር በረሓ ወደ ኤርታሌ የሚወስደውን የቀለጠ ድንጋይ መንገድ የሚያቋርጡት መኪናዎች ሲያገለግሉ የምናየው በዋናው አሠራራቸው ነው። የሚጐድለን እንግዲህ ትልቅ አክስል ሳይሆን፥ ያለውን አክስል በሥርዓት መጠገንና የሚተካውን በዕውቀት መምረጥ ነው።

ጉዳዩም ከእንግዲህ እየከበደ የሚሄድ ይመስለናል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ባለበት ጊዜ በእጅ ያለው የነዳጅ መኪና ዕድሜው እንዲረዝም መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ዕድሜው ሲረዝምም አሮጌ መለዋወጫ የሚፈልገው ይበዛል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የመሰለ የመለዋወጫ ገበያ ለብዙ ሰዎች እንጀራ፥ ለብዙ መኪናዎችም ትንሣኤ ሆኗል። የወደቀውን አንሥቶ ለሥራ ማብቃት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት አገር ሁሉ የተሰረቀውና የተሰነጠቀው ከደኅናው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ደረሰኝ የሚጠይቅ ገዢና ደረሰኝ የሚሰጥ ነጋዴ የሚጠቃቀሙ ወዳጆች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች «መካኒኮቻችን ያለ መለኪያ፥ ያለ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ሠርተው የለምን? ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ ከማስወደድ በቀር ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። የእነዚህን ሰዎች የእጅ ጥበብ እናከብራለን፤ ያለ መሣሪያ በጆሯቸው የሞተር ሕመም የሚለዩ ባለ ሙያዎች አገር ሲያገለግሉ ኖረዋል። ነገር ግን ዐይን በቱቦ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ አያይም፤ ጆሮም የተበላሸ ዘንበል አይለካም። መለኪያው የባለ ሙያውን እጅ ለመናቅ ሳይሆን ለማገዝ የመጣ ነው። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ፥ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱን ለአደጋ ማቅረቡን በፈቃዱ ያደርገው ይሆናል፤ ከፊት ለፊቱ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛና በመንገድ ዳር በግ የሚነዳው ልጅ ግን በዚያ ብየዳ ላይ አልተማከሩም። ክርክራችን የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምንመክረው ይህ ነው። ባለ መኪናው ፍላጎቱን ለይቶ፥ ዕቃውን መርምሮ ይግዛ፤ የጥገናውን ዋጋ ሲያሰላ ፍሬኑንና መሪውን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ይጻፍ። ባለ ጋራዡ የቆረጠውን፥ የበየደውንና የለካውን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መዝግቦ ለባለቤቱ ይስጥ፤ ነገ ሌላ መካኒክ ያንን መኪና ሲከፍት በጨለማ አይሠራም። እንደ ተግባረ እድ ያሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች የፈሰሰ ብረትና ስቲል አገናኝቶ የመበየድን ጥበብ በትምህርታቸው ቢያጠነክሩና በሥራ ላይ ላሉትም የማታ በር ቢከፍቱ መልካም ነው፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ተብሏልና። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስለ ተሽከርካሪ መለያ፥ ምርመራና ምዝገባ የወጣ ስለ ሆነ፥ የዓመቱ ምርመራ በመብራትና በጥሩምባ ሳይወሰን ከሥር ወርዶ የተቀየረውን አክስል በብርቱ እንዲመለከት እንጠይቃለን። ለውጥ ያደረገ ሰውም ከመርማሪው እንዲሸሸግ ሳይሆን መጥቶ እንዲያስመረምር የሚያደፋፍር አሠራር ቢኖር ይበጃል።

አሮጌ ብረት ሁለተኛ ዕድሜ ማግኘቱ ለድኻም ለባለጠጋም አገር ጥቅም አለው። ነገር ግን ያ ብረት ሁለተኛ ዕድሜውን ሲጀምር የፋብሪካው ኀላፊነት ከላዩ ላይ ወርዷል፤ የሠሪው መሐንዲስ ስሌት ለሌላ መኪና፥ ለሌላ ጭነት ነበርና። ያን ኀላፊነት ከመሬት አንሥቶ የሚሸከመው የቆረጠው እጅ፥ የበየደው እጅና መሪውን የጨበጠው እጅ ነው። አክስሉን ከመግዛታቸው በፊት ሦስቱም ይህን ቢያስቡ፥ መንገዱ ለሁላችንም የቀና ይሆናል።